በታሪካዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የብርሃንና የድምፅ ትርኢት፦ ሕንፃውን የሚጎዳው ምንድን ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ የሚኖሩ አንድ ጠያቂ፣ በኖትር ዳም ባሲሊካ ውስጥ በምሽት የሚቀርበውን «ኦራ» የተሰኘ የብርሃንና የድምፅ ትርኢት ከቤተሰባቸው ጋር ካዩ በኋላ ሦስት ነገር ጠይቀዋል። የመጀመሪያው፣ ያ ሁሉ ምስል በጣሪያው፣ በምሰሶውና በመሠዊያው ቅርጽ ላይ ቅንጣት ሳይዛነፍ እንዴት ሊያርፍ እንደ ቻለ ነው። ሁለተኛው፣ በየምሽቱ የሚፈሰው ብርሃንና ደረት የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ የዘመናት ቅብና የወርቅ ልባጥ አይጎዳም ወይ የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ «እንዲህ ያለ ዝግጅት በጎንደር ወይም በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ቢደረግ ለቱሪዝም ይጠቅማል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እርስዎ እንደ ባለሙያ ምን ይላሉ?» የሚል ነው።

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ በሁለተኛው ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ድምዳሜዬን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ሰው አብዝቶ የሚፈራው ብርሃኑን ነው፤ ነገር ግን መጠኑ ተለክቶ ከተመዘገበ ብርሃኑ ከአደጋዎቹ ሁሉ ትንሹ ነው። ታሪካዊን ሕንፃ ይበልጥ የሚጎዳው ለመሣሪያው ሲባል የሚበሳው ግድግዳና የሚዘረጋው ገመድ፣ እንዲሁም ከትርኢቱ ጋር የሚመጣው የሕዝብ ብዛት ይዞት የሚገባው ሙቀትና እርጥበት ነው። ይህን ልዩነት ሳይረዱ ስለ ፈቃድም ሆነ ስለ ክልከላ መነጋገር ፍሬ የለውም።

ሕንፃውን ሳያውቁ ስለ ትርኢቱ መናገርም አይቻልም። ኖትር ዳም ባሲሊካ በአሮጌው ሞንትሪያል በፕላስ ዳርም አደባባይ ፊት ለፊት የቆመ፣ ዋናው አካሉ እ.ኤ.አ. ከ1824 እስከ 1829 የተሠራ፣ ጎቲክ የተባለውን የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የሕንፃ ጥበብ በአዲስ መልክ ያስነሣ ሕንፃ ነው (በዚህ ምላሽ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ንድፉን ያወጣው ጄምስ ኦዶኔል በአየርላንድ ተወልዶ በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረ ፕሮቴስታንት አርክቴክት ሲሆን፣ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ካቶሊክ ሆኖ እዚያው በሕንፃው ምድር ቤት ተቀብሯል። ዛሬ የምናየው የውስጥ ገጽታ ግን በአብዛኛው የእርሱ ሥራ አይደለም፤ በ1870ዎቹ ቪክቶር ቡርዦ የፓሪሱን ሴንት ሻፔል ጸሎት ቤት መነሻ አድርጎ የነደፈው ነው። ጥልቅ ሰማያዊ በሆነው ጣሪያ ላይ የተበተኑት የወርቅ ከዋክብት፣ የተቀረጸው፣ የተቀባውና በወርቅ የተለበጠው እንጨት፣ ከፍ ብሎ የተደረደረው የመሠዊያው ሐውልት ሁሉ የዚያ ዘመን ውጤት ነው። በግራና በቀኝ ጎን ደርብ ደርብ ሆነው የሚሄዱ ሰገነቶች አሉት፤ ከመግቢያው በላይ ባለው ሰገነት ደግሞ ካሳቫን ወንድማማቾች በ1891 የሠሩት ወደ 7,000 የሚጠጉ ቧንቧዎች ያሉት ኦርጋን ይገኛል። እነዚህን ዝርዝሮች የምጠቅሰው ለጌጥ አይደለም፤ እያንዳንዳቸው በትርኢቱ አሠራር ላይ ወሳኝ ድርሻ ስላላቸው ነው።

«ኦራ» የተጀመረው በ2017 ነው። ያዘጋጀው ሞመንት ፋክተሪ የሚባል፣ በ2001 በዚያው በሞንትሪያል የተመሠረተ ድርጅት ሲሆን፣ ይኸው ድርጅት ከ2023 ጀምሮ በፓሪስ በኤንቫሊድ ጉልላት ሥር፣ የናፖሊዮን መቃብር ባለበት ቤተ ክርስቲያን፣ ተመሳሳይ ዝግጅት ያቀርባል። የሞንትሪያሉ ትርኢት ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ተመልካቹ በራሱ ፍጥነት እየተዘዋወረ በጎን ያሉትን ሥዕሎችና ሐውልቶች በለስላሳ ብርሃንና ድምፅ ታጅቦ ያያል፤ በሁለተኛው ክፍል አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በሦስት ምዕራፍ የተከፈለውንና ግማሽ ሰዓት የማይሞላውን ዋናውን ትርኢት ይከታተላል። ይህ አከፋፈል ከጥበብ አንጻር ብቻ ሳይሆን ከጥበቃም አንጻር ብልህነት እንዳለበት አምናለሁ፤ ሰው አስቀድሞ ዕቃዎቹን በቅርብ ስለሚያያቸው፣ በኋላ ብርሃኑ ሲያርፍባቸው ምን እንደሚያይ ያውቃል፤ ብርሃኑ ሕንፃውን የሚያገለግል እንጂ የሚሸፍን አይሆንም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ፣ ምስሉ ሳይዛነፍ የሚያርፈው ከሁሉ በፊት ሕንፃው ስለሚለካ ነው። የሌዘር መለኪያ መሣሪያ በሕንፃው ውስጥ በተለያየ ቦታ እየቆመ በሁሉም አቅጣጫ ጨረር ይልካል፤ ጨረሩ ከግድግዳው ነጥሮ እስኪመለስ ከሚወስደው ጊዜ ርቀቱን ያሰላል። በዚህ መንገድ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች ይሰበሰባሉ፤ ነጥቦቹ ሲገጣጠሙ የሕንፃው ትክክለኛ አምሳያ በኮምፒዩተር ውስጥ ይቆማል። ሠዓሊዎቹና አኒሜተሮቹ የሚሠሩት በዚህ አምሳያ ላይ ነው። የድሮ ንድፍ ብቻ ቢይዙ ኖሮ ሥራው ከንቱ በሆነ ነበር፤ ምክንያቱም ሁለት መቶ ዓመት የቆመ ሕንፃ በወረቀት ላይ እንደ ተሣለው ቀጥ ብሎ አይገኝም፤ ምሰሶው ትንሽ ዘሞ፣ ቅስቱ ትንሽ ወርዶ፣ ግራና ቀኙ በጣት ያህል ተለያይቶ ነው የሚገኘው።

ቀጥሎ የሚመጣው የፕሮጀክተሮቹ ቦታ ነው። አንድ ፕሮጀክተር ለብቻው ይህን ያህል ሰፊ ቦታ በበቂ ድምቀት ሊሸፍን አይችልም፤ በሞንትሪያል ከ20 በላይ ፕሮጀክተሮችና ከመቶ በላይ መብራቶች ተባብረው ነው የሚሠሩት። የአንዱ ምስል ጠርዝ በሌላው ጠርዝ ላይ ተደርቦ ያርፋል፤ በተደረበበት ቦታ ሁለቱም ቀስ እያሉ እንዲደበዝዙ ስለሚደረግ ዓይን መጋጠሚያውን አይለይም። ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተላከ ምሰሶውና ሐውልቱ ከበስተኋላቸው ጥላ ስለሚጥሉ፣ ያንን ጥላ የሚሞላ ሌላ ፕሮጀክተር በሌላ ማዕዘን መኖር አለበት። እንዲህ ያሉ የጎን ሰገነቶች ያሉት ሕንፃ ዕድለኛ ነው፤ ከባዱ መሣሪያ ራሱን ችሎ በሰገነት ወለል ላይ ሊቆም ስለሚችል ግድግዳ መብሳት ላያስፈልግ ይችላል። ሰገነት የሌለው ሕንፃ ያጋጠመው አዘጋጅ ከባድ ውሳኔ ፊት ይቆማል፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር የሚቀበለው ገጽ የራሱ ቀለም እንዳለው ነው። የሲኒማ መጋረጃ ነጭ ስለሆነ የተላከለትን ሁሉ ይመልሳል፤ ጥልቅ ሰማያዊ ጣሪያ ግን ሰማያዊውን ብርሃን መልሶ ቀዩንና ቢጫውን በአብዛኛው ይውጠዋል። በዚያ ጣሪያ ላይ የእሳት ነበልባል ልሣል የሚል ሰው ደብዛዛና ቆሻሻ የሚመስል ቀለም ነው የሚያገኘው። ወርቁ ደግሞ በተቃራኒው ሞቃቱን ብርሃን እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል፤ በተወሰነ ማዕዘን ካገኘው የተመልካቹን ዓይን ይወጋል። ጥቁር ቡናማ እንጨት ሁሉንም ማለት ይቻላል ይውጣል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ የተዋጣለት ሥራ ማለት ሕንፃው ራሱ የያዘውን ቀለም አጥንቶ በእርሱ ላይ የሚሠራ ነው፤ ሰማያዊውን በሰማያዊ የሚያጠልቅ፣ ከዋክብቱን ለይቶ የሚያበራ፣ የቅስቱን ጠርዝ በቀጭን መስመር የሚያወጣ። ጠያቂያችን ያደነቁት ውበት ከዚህ መታዘዝ የመጣ ይመስለኛል።

የድምፁ ጉዳይ ከምስሉ ይልቅ ይከብዳል። ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፅ ከተቋረጠ በኋላ ለብዙ ሰከንድ ይቆያል፤ ይህም የሚወሰነው በሕንፃው ይዘትና በውስጡ ባለው ድምፅ የሚመጥ ነገር ነው። ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሩ የአንድ የተወሰነ ሕንፃ አይደለም። ይዘቱ 30,000 ሜትር ኩብ የሆነና ጠቅላላ የመምጠጥ አቅሙ 1,200 ካሬ ሜትር የሆነ (ማለትም ድምፅን ሙሉ በሙሉ የሚውጥ ይህን ያህል ገጽ ያለው ያህል የሆነ) ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፁ ሞቶ እስኪያልቅ ወደ 4 ሰከንድ ይወስዳል። 500 ሰው ሲገባ፣ የአንዱ ሰው ልብስና ገላ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ይመጥጣል ብንል፣ ጊዜው ወደ 3.3 ሰከንድ ይወርዳል። ይህ ማለት አዘጋጆቹ በባዶ ቤት ያስተካከሉት ድምፅ በሞላ ቤት ሌላ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ፈጣን ዜማና ንግግር እርስ በርሱ ይደበላለቃል፤ ዝግ ያለ፣ ረዘም ያለ፣ እንደ መዘምራንና እንደ ኦርጋን ያለ ድምፅ ግን ይጎለብታል። አንድ ግዙፍ ድምፅ ማጉያ ከፊት ከማስቀመጥ ይልቅ ብዙ አነስተኛ ማጉያዎችን በየሰገነቱና በየምሰሶው ሥር ማሰራጨት የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተመልካች የሚቀርበው ማጉያ በትንሽ ኃይል ቢሠራ ይሰማል፤ ሕንፃው በሙሉ በድምፅ አይሞላም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ጉዳቱ ልግባ። ብርሃን ቅብን ይጎዳል፤ ይህ የማያከራክር ነው። ጉዳቱ ግን የሚቆጠረው በአንድ ቅጽበት ድምቀት ብቻ ሳይሆን፣ ድምቀቱ በቆየበት ጊዜ ተባዝቶ ነው። ለዚህ የምንጠቀምበት መለኪያ ሉክስ ሰዓት ይባላል፤ ሉክስ በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የድምቀት መለኪያ ነው፤ ሉክስ ሰዓት ደግሞ ያ ድምቀት በቆየበት ሰዓት ሲባዛ ነው። የዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ2004 ባወጣው መመሪያ፣ የዘይትና የቴምፔራ (በእንቁላል ወይም በሙጫ የተበጠበጠ ቀለም) ሥዕል፣ በልስን ላይ የተሣለ ሥዕልና እንጨት ከ200 ሉክስ በማይበልጥ ድምቀት በዓመት እስከ 600,000 ሉክስ ሰዓት ሊቀበሉ ይችላሉ፤ አብዛኛው ጨርቃ ጨርቅና የብራና ጽሑፍ በ50 ሉክስ በዓመት 150,000፤ ሐርና በቀላሉ የሚለቁ ቀለሞች ደግሞ 15,000 ብቻ። ይህን ይዘን አንድ ትርኢት እናስላ። 20,000 ሉመን (ከምንጩ የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን መለኪያ) የሚያወጣ ፕሮጀክተር 100 ካሬ ሜትር ግድግዳ ቢሸፍን፣ ሙሉ ነጭ ሲሆን 200 ሉክስ ያሳርፋል። ይሁን እንጂ ትርኢት ሙሉ ነጭ ሆኖ አይቆይም፤ አብዛኛው ጨለማ ነው፤ በአማካይ 15 በመቶ ያህል ይበራል ብንል 30 ሉክስ ይሆናል። 25 ደቂቃ የሚፈጅ ትርኢት በምሽት ሦስት ጊዜ፣ በዓመት 250 ምሽት ቢታይ፣ የዓመቱ ድምር ወደ 9,400 ሉክስ ሰዓት ይደርሳል። ከ600,000 ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም።

ይህን ከፀሐይ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በመስኮት ቀጥታ የሚገባ ፀሐይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሉክስ ያሳርፋል። 30,000 ሉክስ የሆነ የፀሐይ ጨረር በአንድ ሥዕል ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ቢያርፍ፣ ከላይ ያሰላነው ትርኢት ከሦስት ዓመት በላይ የሚያደርሰውን ያህል ያደርሳል። ፀሐይ ላይ ደግሞ ዓይን የማያየው አልትራ ቫዮሌት ጨረር ይጨመራል፤ አዳዲሶቹ የሌዘር ፕሮጀክተሮች ግን ይህን ጨረር ከሞላ ጎደል አያወጡም። ብዙ ጊዜ ስለ ፕሮጀክተር አጥብቀው የሚከራከሩ ሰዎች ከጀርባቸው ያለውን መጋረጃ የሌለውን መስኮት ረስተውት አያለሁ፤ ቅርሱን ከልብ የምንወድ ከሆነ መጀመሪያ መዘጋት ያለበት እርሱ ነው። እርግጥ ስሌቱ ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛው፣ በአንድ ሥዕል ላይ ብቻ ተተኩሮ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ደማቅ ብርሃን አማካዩን ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ ልኬቱ ለግድግዳው በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ውድ ሥዕል ለየብቻ መወሰድ አለበት። ሁለተኛው፣ ሰማያዊ ብርሃን በተመሳሳይ ሉክስ ከቀይ ብርሃን ይልቅ ጎጂ ነው፤ ሉክስ የሚለካው የሰው ዓይን እንደሚያየው እንጂ ቅቡ እንደሚጎዳው አይደለምና።

ድምፁስ? የ100 ዴሲቤል ድምፅ በግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 2 ፓስካል ያህል ነው፤ በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ግን በውጭው ግድግዳ ላይ 60 ፓስካል ያህል ያሳርፋል። ከዚህ እንደምንረዳው ጤነኛ የድንጋይ ግድግዳ ከትርኢት ድምፅ የሚፈራው ነገር የለም። አደጋው ያለው ቀላልና ልል በሆነ ነገር ላይ ነው፤ ድምፅ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየተመላለሰ የሚገፋና የሚስብ ስለሆነ፣ ከእርሳስ ማያያዣው የላላ ባለቀለም መስታወት፣ ከግንቡ የተነፋ ልስን፣ መቀንጠስ የጀመረ ቅብ ከድምፁ ጋር ሊርገበገብ ይችላል። ስለዚህ ከትርኢቱ በፊት ባለሙያ በመሰላል ወጥቶ ልስኑን በጣቱ ጫፍ እያንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ ሁሉ በካርታ ላይ ምልክት ማድረግ አለበት፤ ዝቅተኛውን ወፍራም ድምፅ የሚያወጡት ማጉያዎችም ከእነዚያ ቦታዎች መራቅ አለባቸው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ብሎን ነው። የተበላሸ የምስል ፋይል በሌላ ፋይል ይተካል፤ የበዛ ብርሃን ይቀነሳል፤ በጥንታዊ ቅርጽ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ግን ለዘላለም ቀዳዳ ነው። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ዝግጅት መሣሪያውን በራሱ ክብደት በሚቆም ማማ ላይ ያደርጋል፤ ወይም ምሰሶውን በወፍራም ለስላሳ ጨርቅ በተለበጠ ቀለበት ያቅፋል፤ ወይም ቀደም ብሎ ለመብራት በተበሳ ቦታ ይጠቀማል። መጥፎው ደግሞ ባለሙያ ሳይጠራ ሌሊት በድሪል የሚሠራው ነው። ገመዱም እንዲሁ ነው። በእንጨት የተለበጠ ሕንፃ ውስጥ የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር ከብርሃንም ከድምፅም በላይ የሚፈራ የእሳት ምንጭ ነው፤ ኖትር ዳም ራሱ በ1978 በኋለኛው ክፍል ያለው የቅዱስ ልብ ጸሎት ቤት በእሳት ወድሞበት እንደ ገና ተሠርቷል፤ ከጸሎት ቤቱ መሠዊያ በላይ የሚታየው ትልቅ የነሐስ ሥራም በ1980ዎቹ የተተከለ ነው። ይህን የሚያውቅ ደብር እሳትን እንደ ቀላል ነገር አያየውም።

የመጨረሻው የጉዳት መንገድ ሰው ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በሰዓት 50 ግራም ያህል ውኃ በትንፋሹና በላቡ ያወጣል፤ የ100 ዋት አምፖል ያህልም ሙቀት ይሰጣል። 500 ሰው ለ45 ደቂቃ ቢቆይ ወደ 19 ሊትር የሚጠጋ ውኃ በአየሩ ውስጥ ይጨመራል። በሞንትሪያል ክረምት ከዚህ ላይ በረዶ የረጠበ ካፖርት ይታከላል፤ ሰዉ ሲወጣ ደግሞ በማሞቂያ የደረቀው አየር እርጥበቱን መልሶ ይወስደዋል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በላዩ ያለው የወርቅ ልባጥና ቅብ ግን እንደ እርሱ መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ጉዳቱ በአንድ ምሽት አይታይም፤ በብዙ ምሽት መመላለስ ይመጣል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ የተመልካቹን ቁጥር መወሰን፣ በሁለት ትርኢት መካከል አየሩ የሚያርፍበት ጊዜ መተው፣ የሙቀትና የእርጥበት መመዝገቢያ በየቦታው አስቀምጦ በየሳምንቱ ማንበብ ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ የምመልሰው በዚህ ሁሉ ሚዛን ነው። በአጭሩ፣ በላሊበላም ሆነ በጎንደር ዘመን በተሣሉ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ እንዲህ ያለ ትርኢት መደረጉን አልደግፍም፤ ምክንያቴም በዋናነት ብርሃን አይደለም።

በብዙዎቹ የጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት የምናየው ሥዕል በቀጥታ በግድግዳው ላይ የተሣለ ሳይሆን፣ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በምርጊቱ ላይ በሙጫ የተለጠፈ ነው። ቀለሙን የያዘውም ሙጫ ውኃ የሚፈታው ነው፤ ጣሪያ ያፈሰሰባቸው ሥዕሎች ላይ የሚታየው እንባ የመሰለ የቀለም ፈሳሽ የዚህ ምስክር ነው። ጨርቁ በአንዳንድ ቦታ ከግድግዳው ስለ ለቀቀ፣ ከበስተኋላው አየር ይዞ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ይገኛል፤ ወፍራም ድምፅ ሲመጣ የሚርገበገበው ይህ ነው፤ በተርገበገበ ቁጥርም የደረቀው ቀለም ይረግፋል። የ500 ሰው እርጥበት ለኖትር ዳም ግዙፍ አዳራሽ ከባድ ከሆነ፣ በጣም አነስ ባለና መስኮቱ ጠባብ በሆነ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ከዚያ በጣም ያነሰ ሕዝብ እንኳ የሚያደርሰውን መገመት አይከብድም። የዓለም አቀፉ መመሪያ ለቴምፔራ የፈቀደው መጠን ለእንዲህ ያለ ሥራ ሳይመረመር መወሰድም የለበትም፤ ጨርቅ አለበት፤ በውስጡም እንደ ቢጫው ኦርፒመንት ያሉ ብርሃን የሚያደክማቸው ቀለሞች ሊኖሩ ይችላሉ።

«የእኛ ቤተ ክርስቲያን እኮ በከበሮና በጽናጽል ሲናወጥ፣ በጧፍና በዕጣን ጢስ ሲታጠን የኖረ ነው» የሚል መከራከሪያ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እውነት ነው፤ ጢሱ ሥዕሎችን አጥቁሯል። ነገር ግን ማኅሌትና ቅዳሴ የተሠራበት ዓላማ ነው፤ ቤቱ ያለ እርሱ ቤተ ክርስቲያን አይባልም። ሸክሙ አስቀድሞ ያለበት ቤት ላይ ሌላ ሸክም ለመጨመር ይህ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ይልቁንም ላለመጨመር ነው ማስረጃ የሚሆነው።

በላሊበላ ነገሩ ይብሳል። በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ አለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ግድግዳው፣ ምሰሶው፣ ጣሪያውና መሠረቱ አንድ ድንጋይ ነው። በሌላ ሕንፃ ብሎን የገባበት ድንጋይ ወይም እንጨት ተለይቶ ሊተካ ይችላል፤ እዚያ ግን የሚበሳው ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ነው። አለቱ ደግሞ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሆኖ በውኃ የሚሸረሸር፣ በብዙ ቦታ የተሰነጠቀ ነው፤ አንዳንዶቹን ከዝናብ ለመከላከል በ2008 የተተከሉት ግዙፍ መጠለያዎች ራሳቸው እስከ ዛሬ ስንት ክርክር እንዳስነሡ እናውቃለን። ለጥበቃ የተሠራ ነገር ይህን ያህል ካወዛገበ፣ ለትርኢት የሚሰቀል ነገር ምን ያህል መመርመር እንዳለበት ግልጽ ነው።

ከቁሳዊው ጉዳይ ባሻገር የሥርዓቱ ጉዳይ አለ፤ ይህን እንደ ተራ መሰናክል የሚያዩ አዘጋጆች አሉና በግልጽ መናገር እወዳለሁ። በሞንትሪያል ትርኢቱ የሚታየው ከዕለቱ አገልግሎት በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ነጻ በሆነበት የምሽት ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ግን ሌሊቱ ባዶ ጊዜ አይደለም፤ ሰዓታቱ፣ ማኅሌቱ፣ ኪዳኑ የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው። በጾም ወቅት ደግሞ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚገባ ከሰዓት በኋላው እንኳ ነጻ አይሆንም። ታቦቱ በመንበሩ ባለበት መቅደስ ፊት ለፊት፣ ጫማውን አውልቆ ሊገባ በሚገባው ቦታ፣ ትኬት ቆርጦ የመጣ ተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያይበት ሁኔታ ለምእመኑ ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነው የመብራት ባለሙያ አይደለም። የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ሰበካ ጉባኤውና ሀገረ ስብከቱ ናቸው፤ ከቅርሱ አንጻር ደግሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አለ። እነዚህ ሁሉ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ለፊርማ ሳይሆን ሐሳቡ ሲጠነሰስ መጠራት አለባቸው።

ይህ ሲባል ብርሃን ለእኛ ቅርስ አይሆንም ማለቴ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ብዙ ሊሠራ ይችላል። በፈረንሳይ የአሚየን ካቴድራል በሮች በ1990ዎቹ በሌዘር ሲጸዱ የመካከለኛው ዘመን ቀለም ቅሪት ተገኘባቸው፤ ያንን ቅሪት መሠረት አድርገው በበጋ ምሽት በፊት ለፊቱ ሐውልቶች ላይ የጥንቱን ቀለም በብርሃን ብቻ ያሳያሉ። ድንጋዩን ማንም አይነካውም፤ ፕሮጀክተሩ ማዶ ይቆማል፤ ሲጠፋ ሐውልቱ እንደ ነበረ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ለፋሲል ግቢ የውጭ ግንብ፣ ከምርምር ጋር ተያይዞ፣ ቢታሰብ እኔ በደስታ ከሚደግፉት አንዱ ነኝ። የውስጥ ሥዕሎቹን በተመለከተ ደግሞ፣ በከፍተኛ ጥራት ፎቶግራፍ ተነሥተው በአንድ ተራ አዳራሽ ግድግዳ ላይ በሙሉ መጠናቸው ቢታዩ፣ በመሰላል እንኳ የማይደረስበትን የመላእክት ፊት ሕፃናትና አረጋውያን በቅርብ ያዩታል፤ ድምፁም የፈለገውን ያህል ከፍ ሊል ይችላል፤ ፎቶግራፎቹም ሥዕሉ ወደፊት ሲጎዳ ለጠጋኞቹ መነሻ ይሆናሉ። ወጪው ከውስጥ ትርኢት አይበልጥም፤ በእኔ ግምት ያንሳል።

ጠያቂያችን በሚያውቋቸው ሰዎች ዘንድ ሐሳቡ ከቀጠለና የሆነ ድርጅት ንድፍ ይዞ ከመጣ፣ ከሚያሳየው ማራኪ ቪዲዮ በፊት የሚከተለውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይጠየቅ። እያንዳንዱ መሣሪያ የት እንደሚቆም፣ ስንት ኪሎ እንደሚመዝንና በምን እንደሚያዝ፤ አንድም አዲስ ቀዳዳ እንደማይበሳ የሚያረጋግጥ ቃል፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል የዓመቱ ሉክስ ሰዓት ስሌት፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ ንድፍና የእሳት መከላከያው፤ በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው ብዛትና የእርጥበቱ ወሰን፤ ወሰኑ ሲያልፍ ትርኢቱን የማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው ማን እንደሆነ፤ ይህም ሰው የድርጅቱ ተቀጣሪ ሳይሆን የደብሩ ወይም የቅርስ ባለሥልጣኑ ተጠሪ መሆን አለበት። አንድም መሣሪያ ከመግባቱ በፊት ግድግዳው፣ ጣሪያውና ሥዕሎቹ ከቅርብ ፎቶግራፍ ይነሡ፤ ስንጥቆቹ ይለኩ፤ ከስድስት ወር በኋላ በዚያው ማዕዘንና በዚያው ብርሃን እንደገና ተነሥተው ጎን ለጎን ይታዩ። በውሉም ላይ ዝግጅቱ በማናቸውም ምክንያት ቢቋረጥ ዕቃውን የሚያነሣውና ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ይጻፍ፤ ገንዘቡም አስቀድሞ በደብሩ ስም በባንክ ይቀመጥ።